ቴርማሉ መጀመሪያ እጅህ ላይ ይሁን

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንግሊዝ ውስጥ ኖርዘምበርላንድ፣ ከስኮትላንድ ድንበር ብዙም ሳትርቅ የበግ እርሻ ላይ ትሠራለህ። ቀበሮ ግልገል እየለቀመባችሁ ነው። የእርሻው ባለቤት የጠመንጃ ፈቃድ እንዳለህ ሲያውቅ ቀበሮውንም፣ ከጫካው ጥግ እየወጡ ሣሩን የሚግጡትን አጋዘኖችም አደራ ብሎሃል። በእጅህ አንድ ሺህ ፓውንድ አካባቢ አለ። «በእጅ የሚያዝ ቴርማል ስፖተር ልግዛ ወይስ ጠመንጃው ላይ የሚታሰር ቴርማል ስኮፕ? አንዱ ዕቃስ ለቀበሮም ለአጋዘንም ይሆናል ወይ?» ነው ያልከው።

መልሴ ስፖተር ነው። (ቴርማል ሙቀትን እያየ በጨለማ የሚያሳይ ዕቃ ነው፤ ስፖተሩ በእጅ ይዘህ የምትቃኝበት፣ ስኮፑ ጠመንጃው ላይ ሆኖ የምታነጣጥርበት።) ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርህ፤ እኔ ተገላብጦብኝ ስኮፑን አስቀድሜ ገዝቼ ነው የተማርኩት።

ያለሁት ሽሮፕሽር ነው፣ ከዌልስ ጠረፍ አጠገብ። በግ ማዋለድ ላይ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጠመንጃ ይዤ ሌሊት መውጣት ከጀመርኩ ደግሞ ስምንት ሆነኝ። አገር ቤት ያለችው እህቴ ቀበሮ እንደምመታ ስነግራት ክው ብላ ቀረች፤ ለካስ እኛ ቀይ ቀበሮ የምንለውን የሰሜንና የባሌውን መስሏት ነው። እሱማ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረ፣ ዘሩም ወደ ተኩላ የሚያደላ የኛ ብርቅዬ ነው። የዚህ አገሩ ሌላ ነው፣ ከተማ ውስጥ ሳይቀር ቆሻሻ ሲገለብጥ የምታገኘው። አጋዘን የምንለውም እንደዚያው ነው፤ የኛው ቀንዱ የተጠማዘዘው ትልቁ አውሬ ሲሆን እዚህ ግን ስድስት ዓይነት አለ፤ ሮ የሚሉት አነስ ያለው እኔን ሁልጊዜ ሚዳቋን ነው የሚያስታውሰኝ።

ወደ ነገሩ ልመለስ። «ማየትም መተኮስም ከተቻለ ሁለት ዕቃ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ስኮፕ ገዛሁ። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ሌሊት፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ከላይኛው ማሳ ጥግ ጠመንጃውን ባለሦስት እግር መደገፊያው ላይ አሳርፌ በስኮፑ ማሳውን እቃኛለሁ። 120 ሜትር ላይ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር፣ አንድ ነጭ ነገር ዱብ ዱብ ይላል። ዝቅ ያለ ነው፣ ጭራው ረዘም ይላል፣ በጎቹም ቀና ቀና ብለው ያዩታል። ሁለመናው ቀበሮ ነው። የጠመንጃውን መቆለፊያ ከፈትኩ። ይሄኔ ከአጥሩ በላይ ሌላ ነጭ ነገር ብቅ አለ፣ ክብ ነው። የሰው ጭንቅላት! ጎረቤታችን ገበሬ ከአጥሩ ማዶ ቁጢጥ ብሎ ምጥ የያዛት በግ እየረዳ ኖሯል፤ የኔ «ቀበሮ» ውሻው ነው። ቴርማል ድንጋይ አይበሳም፣ ሰውየውን ላየው የምችልበት መንገድ አልነበረም። ጥይቱን አውጥቼ መኪናው ውስጥ ገባሁና እጄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ብዙ ቆየሁ።

ጥፋቱ የዕቃው አልነበረም፣ የኔ ነው። ስኮፕ የሚቀመጠው ጠመንጃ ላይ ስለሆነ በእሱ ያየኸው ነገር ሁሉ አፈሙዝ ዞሮበታል። ምን እንደሆነ የማታውቀውን ነገር ለማወቅ ስትል ጠመንጃ ታዞርበታለህ። በስፖተር ግን ውሻንም፣ ሰውንም፣ የጎረቤትን ፈረስንም ስታይ ጠመንጃህ ትከሻህ ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያ ላይ የስኮፕ እይታ ጠባብ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ያን ከባድ ብረት እያነሱ ማሳ መጥረግ ወገብ ይቆርጣል።

አሁን ስለ ርቀት። ማሸጊያው ላይ «1,800 ሜትር ያያል» የሚል ታገኛለህ። ያ ማለት የሰው ቁመት ያለው ሙቅ ነገር በዚያ ርቀት እንደ ነጥብ ይታያል ማለት ነው፤ ምንነቱ ይታወቃል ማለት አይደለም። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ራስህ ሥራው። የኔ ስፖተር ሴንሰሩ (ሙቀቱን የሚያነበው ክፍል) 384 በ288 ፒክሰል፣ ማለትም የምስል ነጥብ፣ ነው፤ እያንዳንዷ ፒክሰል 12 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ)፣ ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር። 12 ማይክሮኑን ለ35 ሚሊ ሜትሩ ስታካፍለው አንዷ ፒክሰል 100 ሜትር ላይ 3.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች፣ 300 ሜትር ላይ ደግሞ 10 ሴንቲ። የቀበሮ ገላ ያለ ጭራው 65 ወይም 70 ሴንቲ ቢሆን 300 ሜትር ላይ ስድስት ሰባት ፒክሰል ብቻ ነው፤ ቁመቱ አራት ቢሆን ነው። በስድስት ፒክሰል ቀበሮን ባጀር ከሚሉት እግረ አጭር የሌሊት አውሬ መለየት ዘበት ነው፤ ባጀር ደግሞ በፈረንጆቹ 1992 ሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው፣ ብትነካው ፈቃድህንም ልታጣ ትችላለህ። ዙም አድርገህ ብታቀርበው ፒክሰሉ ይተልቃል እንጂ አይበዛም።

ስለዚህ በሩቁ የምትለየው በአካሄዱ ነው። ቀበሮ ጉዳይ እንዳለው ሰው ነው የሚሄደው፤ ቀጥ ብሎ ይሮጥና ድንገት ቆሞ አፍንጫውን መሬት ይተክላል፣ ከዚያ አቅጣጫ ቀይሮ ይቀጥላል። ባጀር እንደ አሳማ ወዲያና ወዲህ እየተንከባለለ ይሄዳል። ጥንቸል ስትቀመጥ ረጅም፣ ስትነሳ ዘላይ ናት፤ ብዙ ጀማሪ የሚሸወደው በእሷ ነው። የተኛ በግ ጭንቅላቱ ብቻ ከጉብታ በላይ ሲታይ ደግሞ ቁርጥ ቀበሮ ይመስላል፤ እኔ እስከ ዛሬም እሸወዳለሁ። ቀን ፀሐይ የጠጣ ድንጋይም እስከ እኩለ ሌሊት ሙቅ ሆኖ ይታይሃል፣ ግን አይንቀሳቀስምና ትለምደዋለህ።

በስፖተር ማግኘትና ማወቅ አንድ አይደሉም። እኔ በስፖተር አገኘዋለሁ፣ ንፋሱን ፊት ለፊት ይዤ እቀርባለሁ፣ ከ150 ሜትር ወዲህ ሲሆን ጠመንጃው ላይ ባለው ዲጂታል የሌሊት ስኮፕና ለዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ መብራት አረጋግጣለሁ። እዚያ ላይ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ የፊቱ ቅርጽ ይታያል። ይህ ከቴርማል ስኮፕ በጣም ይረክሳል። አሁን ያለህ ተራ የቀን ስኮፕ ከሆነ ለጊዜው ቀይ መብራት ይበቃሃል፤ የቀበሮ ዓይን ሲያበራ ከሩቅ ይታይሃል፣ የበግም ዓይን እንደሚያበራ ብቻ አትርሳ። ጥይቱ የሚያርፍበትን አፈርም አስቀድመህ እይ። ቴርማል እንስሳውን ቦግ አድርጎ ሲያሳይህ ከኋላው ያለው መሬት ገደል ይሁን ኮረብታ፣ መንገድ ይሁን ማሳ፣ በግልጽ አይነግርህም። እኔ በቀን ዞሬ የት ቆሜ ወዴት መተኮስ እንደምችል ሳላይ ሌሊት የረገጥኩት ማሳ የለም።

ግልገል በሚወለድበት ሰሞን የማየው አንድ ነገር አለ። ቀበሮው ከአጥር ሥር ቁጭ ብሎ፣ እንደ ቀበሮ ባሕታዊ፣ ለምንም ነገር ግድ እንደሌለው ይጠብቃል። አንዱን አርባ ደቂቃ ተመልክቼዋለሁ። በግዋ ስትወልድ አልተነሳም፣ ግልገሉ ሲቆም አልተነሳም፤ እሷ ራቅ ስትል ብድግ ብሎ እንግዴ ልጁን በልቶ ሄደ። ሁሉም ሌባ አይደለም ለማለት ነው። በሳምንቱ ግን በሌላኛው ማሳ አንዱ መንታ ከወለደች በግ ሥር ሁለተኛውን ግልገል ሲጎትት አገኘሁትና ያንን መታሁት። ያለ ስፖተር ሁለቱንም እኩል እፈርድባቸው ነበር። ባለቤቱ «ሁሉንም ጨርስ» ይለኛል፤ የሱ ማሳ ነው፣ እኔ ግን የሚጎዳውን መለየት እመርጣለሁ።

አጋዘን ላይ ነገሩ ይለያል፣ መጀመሪያ በሕጉ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት በኋላ እስከ ፀሐይ ልትወጣ አንድ ሰዓት እስኪቀራት ያለ ልዩ ፈቃድ አጋዘን አይተኮስም። ቀበሮ ግን በሌሊትም በማንኛውም ወር ይፈቀዳል። በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ማሳ፣ ቀበሮው ሕጋዊ፣ አጋዘኑ ወንጀል ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አንተ ለድንበሩ ስለምትቀርብ ተጠንቀቅ፤ ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት፣ የሌሊት ስኮፕንም የፈቀደችው በፈረንጆቹ 2023 ነው፣ እዚያም ቢሆን ሌሊት ለመተኮስ ኔቸርስኮት ከሚባለው የመንግሥት የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። ጠመንጃህንም እይ። በ.223 (ቁጥሩ የጥይቱ ውፍረት በኢንች ነው) ቀበሮ ትመታለህ፤ እንግሊዝ ውስጥ ለሮና ፋሎ ለሚሉት ሌላ የአጋዘን ዓይነት ግን ሕጉ ቢያንስ .240 ካሊበርና 1,700 ፉት ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው .243 ይዞ ለሁለቱም የሚጠቀመው። መተኮስ የሚፈቀድባቸው ወራትም በፆታ ይለያያሉ፤ ሮ ወንዱ ከሚያዝያ 1 እስከ ጥቅምት 31፣ ሴቷ ከኅዳር 1 እስከ መጋቢት 31፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ቴርማል ውስጥ ወንድና ሴት አንድ ዓይነት ነጭ ጉብታ ናቸው። ቀንድ አንዳንዴ ይታያል፣ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ለአጋዘን የመጨረሻው ዳኛ በቀን ብርሃን የሚያይ ጥሩ ባይኖኩላር ነው።

ታዲያ ስፖተሩ ለምን ይጠቅማል? ጎህ ሲቀድ ጫካ ስትገባ ይገባሃል። ስፖተር ከመያዜ በፊት ድምፅ ሳላሰማ የምሄድ ይመስለኝ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት ከበሩ ሳልርቅ አራት ፋሎ ከፊቴ 80 ሜትር ላይ ቆመው እያዩኝ ነበር፣ በዓይኔ አንዳቸውንም አላየሁም። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያስበረገግኳቸው እንደኖርኩ ሳስበው ሳቄ መጣ። አሁን ሃምሳ እርምጃ ሄጄ እቆማለሁ፣ አንዴ እቃኛለሁ፣ እቀጥላለሁ።

ግን ወጥመድ አለው። ቴርማል በቅጠሎች ክፍተት የእንስሳውን ሙቀት ያሳይሃል፣ መካከል ያለውን ቀዝቃዛ ጭራሮ ግን አያሳይህም። በኅዳር አንድ የሮ ሴት 70 ሜትር ላይ በስፖተሩ ጥርት ብላ ቆማለች። በቀኑ ስኮፕም ትከሻዋ ታየኝ፣ ተኮስኩ። ጥይቱ የጣት ውፍረት ያላት የሐዘል ቅርንጫፍ መትቶ አቅጣጫ ሳተ። እሷ ተፈናጥራ ሄደች። እንዳልቆሰለች እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ሰዓት ሙሉ ደምና ፀጉር ፈለግሁ፣ የተሰነጠቀችውን ቅርንጫፍ እንጂ ምንም አላገኘሁም።

ተመትቶ ለወደቀ እንስሳ ደግሞ ስፖተር ወርቅ ነው። ፈርን በሚሉት ወገብ የሚደርስ ቅጠላም ተክል ውስጥ የገባ ፋሎ በዓይን ሲፈለግ ይመሻል፤ በስፖተር ከጉብታ ላይ ሆነህ ስታይ የሙቀቱ ጭላንጭል ታገኛለህ። ፈርኑ ጥቅጥቅ ካለ ግን እሱም አያሳልፍም፣ ያኔ ውሻ ያለው ሰው ጥራ።

ሌላው ጥያቄህ አንዱ ለሁለቱም ይሆናል ወይ ነበር። ይሆናል፣ ግን ሌንሱ ላይ ታስማማለህ። የኔው 384 ከ35 ሌንስ ጋር 100 ሜትር ላይ 13 ሜትር ስፋት ብቻ ነው የሚያየው፤ ለሜዳ ድንቅ ነው፣ ጫካ ውስጥ ግን በቱቦ እንደማየት ነው። ያው ሴንሰር በ19 ሌንስ 24 ሜትር ያሳያል፣ ግን ሜዳ ላይ ቀበሮውን ነጥብ ያደርገዋል። 25ቱ መሃል ቤት ነው። 640 ሴንሰር ያለው ሁለቱንም ይፈታል፣ ዋጋው ግን ከበጀትህ ሊያልፍ ይችላል። የሙቀት ልዩነት የመለየት አቅሙን በሚሊኬልቪን ይጽፉታል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል፣ በተለይ ጭጋግና ካፊያ ባለበት። የናንተ አካባቢ ደግሞ ጭጋግ ቤቱ ነው። ከባድ ጭጋግ ከመጣ የትኛውም ይታወራል፤ ዝናብ ሙሉ ቀን ሲጥል ሣሩም እንስሳውም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆንብሃል።

በመኪና መስታወት ውስጥ አያይም፣ መስኮቱን ክፈት። ብሩህነቱን ዝቅ አድርገህ በግራ ዓይንህ ተመልከት፣ ቀኝ ዓይንህ ለጠመንጃው ጨለማውን እንደለመደ ይቆይ። ትርፍ ባትሪ የውስጥ ኪስህ ውስጥ ይሁን፣ ብርድ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ሁለተኛ እጅ ለመግዛት ካሰብክ፣ ሻጩ ፊት ሌንሱን ከድነህ ካሊብሬት (ምስሉን ራሱ እንዲያስተካክል) አድርገውና ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ አዙረው። ሥፍራውን የማይለቅ ነጭ ነጥብ ወይም ጭረት ካየህ ተወው። አንዳንዱ ፀሐይ ላይ አዙሮት ሴንሰሩን ያቃጥለዋል፤ እኔ አንድ እንደዚያ ያለ ገዝቼ ገንዘቤ ሜዳ ቀርቷል። የእርሻህ ስንት እጁ ሜዳ፣ ስንት እጁ ጫካ እንደሆነ ጻፍልኝና 25 ይሻልህ 35 እንነጋገርበታለን።