የንጉሡ ሞክሼ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 11ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ «ጄን ኤር» የሚባለውን የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ይዛለች። ውስጡ አንዲት ሴትዮ ሠራተኛዋን «ትንሽ ትኩስ ኒገስ አዘጋጂ» ትላታለች። ልጄ ፊደሎቹን ብታያቸው «ንጉሥ» በእንግሊዝኛ የሚጻፍባቸው ናቸው። ንጉሥ ይጠጣል እንዴ? ከእኛ የሄደ ቃል ነው?
የልጅቷ እናት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ እህቴ፣ ብቻዬን አሳቅሽኝ። የልጅሽ ዓይን ግን ስለት ነው። ሁለቱ ሞክሼ ናቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም።

የሚጠጣው ኒገስ የሰው ስም ነው። ኮሎኔል ፍራንሲስ ኒገስ የሚባል እንግሊዛዊ መኮንንና የፓርላማ አባል ነበር፤ በፈረንጆች 1732 ሞተ። ፖርት የሚሉትን ጣፋጭ ወይን በፍል ውኃ ማቅጠን፣ ስኳርና ሎሚ መጨመር፣ ከላይ ገውዝ ፈቅፍቆ መነስነስ የእሱ ፈጠራ ነው ይባላል። ለሱሉልታ ብርድ የሚሆን ነገር ነው፤ የእንጦጦን ጀርባ ንፋስ እዚያ ሳስተምር ጠግቤዋለሁ። ደግሞ ልብ በይ፣ ሴትዮዋ በዚያው ትእዛዝ ሳንድዊችም ቁረጪ ትላለች። ሳንድዊችም የአንድ ባላባት ማዕረግ ነበር። ሁለት ሰው አንድ ትሪ ላይ!

በ1861 የወጣው የሚስዝ ቢተን የቤት አያያዝ መጽሐፍ ደግሞ፣ ኒገስ ይበልጡን የሚቀርበው በልጆች ግብዣ ስለሆነ ወይኑ ውድ መሆን የለበትም ይላል። ለልጆች! እኛ ቅራሪ አቀመሳችሁ ተብለን እንታማለን።

የእኛው ንጉሥም እንግሊዝኛ ገብቷል፣ በሌላ በር። ሥሩ «ነገሠ» የሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ዓረቦች ነጃሺ የሚሉትም ከዚሁ የመጣ ነው። ገጣሚው ጆን ሚልተን በ1667 ባሳተመው ታላቅ ግጥሙ፣ አዳም ኮረብታ ላይ ቆሞ የዓለምን መንግሥታት ሲያይ «የንጉሥን ግዛት» እስከ ኤርኮኮ ወደብ ድረስ ያስቃኘዋል። ኤርኮኮ ያላት ምጽዋ አጠገብ ያለችውን ሕርጊጎን ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የእኛው ከኮሎኔሉ መጠጥ ይቀድማል። ትልልቆቹ መዝገበ ቃላትም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጧቸው።

ልጅሽ ከዚህ በኋላ እንግሊዛዊውን ደራሲ ዲከንስን ካነሳች፣ በ1843ቱ የገና ታሪኩ ፌዚዊግ የሚባለው ነጋዴ ባዘጋጀው ድግስ ላይ ኒገስ ከኬክ ጋር ቀርቦ ታገኘዋለች። ያም የኮሎኔሉ ነው።