ባሌን አይቷት የማያውቃት አገር ናፈቀችው

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ያደገው በደርግ ጊዜ ሞስኮ ታትመው የመጡ የአማርኛ መጻሕፍት ሲያነብ ነው። አሁን «ሳልሞት የሩሲያዋን ከተማ ሴንት ፒተርስበርግን ማየት አለብኝ» ይላል። ማታ ማታ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ መንገዶቿን ሲያይ ያመሻል። በቅርቡ ሳይነግረኝ ዕቁብ መግባቱን ደረስኩበት። የቤቱ የባንክ ዕዳ አላለቀም፤ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። እናቴ «ሊጠፋ ነው፣ ንቂ» ትለኛለች። ስጠይቀው «አንቺ አይገባሽም» ይለኛል። ታሞ ይሆን? መጻሕፍቱንስ ብደብቅበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽልኝ ተነስቼ ታሟል የምልበት ምክንያት አላገኘሁም። መጻሕፍቱንም አትንኪበት። በአንድ ቤት አንድ የተደበቀ ነገር ይበቃል።

እኛ አገር «ውጭ ልሄድ ነው» ያለ ሁሉ ሊቀር እንደሆነ ነው የሚታሰበው። በእናትሽ አልፈርድም፤ ሄደው የቀሩ ስንቱን አይተዋል። ግን ሊቀር ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ሥራ፣ ስለ ወረቀት፣ እዚያ ስላለ ዘመድ ነው። ያንቺው ሰው የሚያየው የመንገድ ስም ነው። ማረጋገጫ አይሆንም፤ ከግምት ግን ይሻላል።

በልጅነት በመጽሐፍ የተገኘ አገር ለብቻው ነው። በረዶውን፣ የኔቫን ወንዝ ድልድዮች፣ በሰኔ የማይጨልመውን ሌሊት ልጁ በራሱ ጭንቅላት ነው የሣላቸው። ምናልባትም መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ እያነበበ። ባለቤትሽ ከከተማዋ ጋር ያንን ልጅ ጭምር የናፈቀ ይመስለኛል። «ምን ያደርግልሃል?» ሲባል የሚከፋውም ለዚህ ይሆናል።

በእርግጥ እንዳነበባት አያገኛትም። እነዚያ መጻሕፍት ሲታተሙ ስሟ ሌኒንግራድ ነበር፤ የድሮ ስሟ የተመለሰላት በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓሪስ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው የአእምሮ ሐኪም ሂሮአኪ ኦታ፣ ያሰቧትን ፓሪስ አጥተው የታወኩ ያገሩን ሰዎች አክሟል። እንዲህ የሚሆኑት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ላስፈራራሽ አይደለም። ትንሽ ቅር ሊለው እንደሚችል ግን አስቀድሞ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በኔዘርላንድስ 1,530 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነበር። ለዕረፍት የሚጓዙት ከማይጓዙት የበለጠ ደስተኛ ሆነው የተገኙት ከመሄዳቸው በፊት ነው። ከተመለሱ በኋላ ግን በአብዛኞቹ ላይ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ አትቸኩሉ። ቪዛና ትኬት ብር ይፈልጋሉ፤ መዘጋጀቱና ማሰቡ ግን ኪስ አይጎዳም።

ከዚህኛው ክፍል አንቺም ተካፈይ። ቡና አፍልተሽ «እስቲ የትኛው መንገድ ላይ ነው መቆም የምትፈልገው?» በይው። ከሚወደው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ያንብብልሽ። ባይጥምሽም ስሚው፤ «አይገባሽም» የሚለው አስረድቶሽ ስለማያውቅም ሊሆን ይችላል። አንድ እሑድ ልጆቹን ይዛችሁ ሳር ቤት፣ ፑሽኪን አደባባይ ድረስ ሂዱ። አደባባዩ የተሰየመለት ሩሲያዊ ገጣሚ ቅድመ አያት ከአፍሪካ ተወስዶ፣ ከተማዋን በመሠረተው በሩሲያው ንጉሥ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገ ሰው ነው። ከኛው አካባቢ ነው የሚሉም አሉ። ታሪኩን አባታቸው ይንገራቸው፤ መምህር አይደል!

ዕቁቡ ላይ ግን ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። መናፈቅ መብቱ ነው። ዕዳ ካለበት ቤት ገንዘብ አውጥቶ ዝም ማለት ግን ሌላ ነው፤ የእናትሽን ጥርጣሬ ያጠነከረውም ራሱ ነው። ልጆቹ ሲተኙ ሂሳቡን በወረቀት ሥሩት፦ የባንኩ፣ የትምህርት ቤቱ፣ የአስቤዛው፣ ከዚያ የሚተርፈው። ዕቁቡ ሲደርሰው ስንቱ ለዕዳ፣ ስንቱ ለጉዞ እንደሚሆን ከአሁኑ ተስማሙ። ጉዞው ዓመታት ከፈጀ ይፍጅ። «ለአንተ ይህ ከተፈቀደ ለእኔስ?» ማለትም ትችያለሽ። አንቺም የተውሽው ነገር አይጠፋም።

ፍርሃትሽን ደግሞ በእናትሽ አፍ አትንገሪው። «ሄደህ ብትቀርብኝስ ብዬ ነው» በይው፣ ሳትቆጪ። ያኔም ስለ ገንዘቡ አላወራም ካለ ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ወይም የትዳር አማካሪ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። እምቢ ቢል እንኳ አንቺ ብቻሽን መሄድ ትችያለሽ።