ሳይረኑ ከመጮኹ በፊት፦ ለወጣቶች

ልጆቼ፣ ጦርነት ወደ ከተማ ሲቀርብ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ዓይኑን የሚጥለው በእናንተ ጉልበት ላይ ነው። ስለዚህ መሠራት ያለበትን ገና ሰላም ሳለ ሠርታችሁ ጨርሱ።

ከሁሉ በፊት መጠለያችሁን ለዩ። ምድር ቤት ከሌለ በእናንተና በደጁ መካከል ሁለት ግድግዳ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። የውጭው ግድግዳ የፍንዳታውን ግፊት ይቀበላል፤ ሁለተኛው አልፎ የመጣውን ፍንጣሪ ያስቀራል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ቦታ መስኮት አልባ ኮሪደር ነው። መታጠቢያ ቤት ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሴራሚኩና መስታወቱ ሲረግፉ ሥጋ ይቆርጣሉ። በተዘጋ መጠለያ ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል፤ ሽታም የለውም።

መስኮት ላይ ፕላስተር መለጠፍ መስታወቱን ከመሰበር አያድነውም፤ ስብርባሪው እንዳይበተን ጥቂት ይረዳል እንጂ። ወፍራም መጋረጃ ዝጉ፣ አልጋውንም ከመስኮት አርቁ። ከሁሉ አብልጬ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ብልጭታ ስታዩ ለማየት ወደ መስኮት አትሩጡ፤ ወዲያው መሬት ላይ ተኙ። ብርሃኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ መስታወቱን የሚሰብረው ግፊት ከኋላ ይመጣል። በ1917 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሃሊፋክስ ወደብ ፈንጂ የጫነ መርከብ ሲፈነዳ፣ ቃጠሎውን በመስኮት ይመለከቱ የነበሩ ብዙ ሰዎች ዓይናቸውን ያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃ ቧንቧው ሳይቋረጥ ቅዱ። ለመጠጥ ብቻ በቀን ለአንድ ሰው 3 ሊትር ያህል ያዙ፤ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ለብቻው ጨምሩ። ንጽሕናው ካጠራጠራችሁ በጨርቅ አጥልሉና አፍሉት። ማገዶ ከሌለ ሽቶ ያልገባበት ከ5 እስከ 6 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና በሊትር 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጄሪካን ደግሞ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልሞላ ጨምሩ፤ ውኃው ከደፈረሰ እጥፍ አድርጉት። 30 ደቂቃ ጠብቁ። ቀላል የክሎሪን ሽታ ካልሰጠ ያንኑ መጠን ድገሙና 15 ደቂቃ ጠብቁ። ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም አትመኑት።

ከእጅ ወይም ከእግር ደም እየፈነጠቀ ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ በኃይል ተጫኑት። ካልቆመ ከቁስሉ 5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳታሳርፉት፣ 4 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ባለው ጨርቅ እሰሩና በቋጠሮው አጭር ዱላ አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም እያዞራችሁ አጥብቁት። ሽቦና ቀጭን ገመድ ሥጋ ስለሚጎዳ ተዉት። ያሰራችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ ሐኪም እስኪያይ አትፍቱት። የሚያመው መሆኑ አያስደንግጣችሁ፤ ላላ ያለ ማሰሪያ ደሙን ይብሱን ያፈሰዋል።

ያልፈነዳ ነገር ካያችሁ አትንኩ፤ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለባለሥልጣን አመልክቱ።

በሕንጻው ወይም በግቢው የሚያድሩትን ሁሉ በስምና በሚተኙበት ክፍል መዝግቡ፤ መራመድ የማይችሉትን፣ መስማት የተሳናቸውን፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱትን ለዩ። ግድግዳ ሲደረመስ ነፍስ አዳኞች የት እንደሚቆፍሩ የሚያውቁት ከዚህ ነው። ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱ በሌላ ሕንጻ ይቀመጥ፤ ሰው በገባና በወጣ ቁጥርም አስተካክሉት።