ቡድኑ ሳይከራከር ቻትቦቱ ሲመልስ

ጥያቄ፦ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ አስተምራለሁ። የቡድን ሥራ ስሰጥ አንዱ ቻትጂፒቲን ጠይቆ ይገለብጣል፤ የቀሩት ስማቸውን ያስገባሉ። ልከልክላቸው?

መልስ፦ ከክፍል ውጭ የሚሠራን ሥራ ከልክለው መቆጣጠር አይችሉም። ቅደም ተከተሉን ይለውጡ፤ መጀመሪያ ተማሪው ለብቻው፣ ቀጥሎ ቡድኑ፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) መጨረሻ።

ክፍል ውስጥ ስሌት የማይፈልግ የምርጫ ጥያቄ ይስጡ። ለምሳሌ፦ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ በሚደርስበት ቅጽበት አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው? ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ «ዜሮ» የሚሉ አይጠፉም፤ መልሱ ግን 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ ወደ ታች ነው። ተማሪዎቹ 2 ደቂቃ ያህል ለየብቻ አስበው በስልክ ይምረጡ። ውጤቱን ገና አያሳዩ፤ ብዙኃኑ የመረጠውን ካዩ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ፣ ሌላ መልስ ከመረጠ ጓደኛ ጋር ተከራክረው እንደገና ይምረጡ። ከ30 በታች ከሆነ ውይይቱ ስህተት ማዛመቻ ስለሚሆን ትምህርቱን ይድገሙት። ከ70 በላይ ከሆነ በአጭሩ አብራርተው ይለፉ። የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ዘዴ ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ ፊደል የተጻፈበት ካርድ ይበቃል።

ለቤት ሥራ ቡድኑ ከ4 ሰው አይብለጥ። በጋራ ሰነድ ላይ እያንዳንዱ የራሱን መፍትሔ በስሙ ያስፍር፤ ከዚያ የቡድኑ መልስ ይጻፍ። ቻትቦቱ የሚጠየቀው ይህ ካለቀ በኋላ ነው፤ የቡድኑም ሥራ የቻትቦቱን መልስ መመርመር ይሆናል። ለምሳሌ ጥያቄው ተዳፋት ላይ ስላለ ዕቃ ከሆነ፦ በየመስመሩ ዩኒቱ (መለኪያው) ይጣጣማል? ሰበቃ የተተወው በምን ምክንያት ነው? ማዕዘኑ ዜሮ ቢሆን ቀመሩ ምን ይሰጣል? መልሱ ትክክል ሆኖ ከተገኘም እንዴት እንዳረጋገጡት ይጻፉ። ቻትቦቱን ግን ዳኛ አያድርጉት፤ «ተሳስተሃል» ሲሉት ትክክለኛ መልሱን ሊቀይር ይችላል፣ የሌለ ማጣቀሻም ሊፈጥር ይችላል።

በመጨረሻ ከቡድኑ አንዱን በዕጣ ጠርተው ከመፍትሔው አንድ መስመር እንዲያስረዳ ያድርጉ። ለዚህ የሚሰጠው የግል ነጥብ ከቡድኑ ነጥብ ካነሰ ግልበጣው ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ጽሑፉን ኤአይ መጻፉን የሚለይ ሶፍትዌርስ?

መልስ፦ በእሱ ብቻ ተማሪ አይቅጡ፤ በራሱ የጻፈውንም ይወነጅላል። የጋራ ሰነዱን የለውጥ ታሪክ ይመልከቱ። ሙሉ መፍትሔ በአንድ ጊዜ ተለጥፎ ካገኙ ሌላ ቦታ ጽፎት ሊሆን ስለሚችል፣ ጠርተው ሦስተኛውን መስመር እንዲያስረዳ ይጠይቁት።