መልስ፦ ታሚያ አክሪሊክን ለብሩሽ ማቅጠን

ለቲያትር የሠራኸውን የፎም ጎራዴ በታሚያ አክሪሊክ (ለትንንሽ ሞዴሎች በሚሠራ ቀለም) ስትቀባው የብሩሽ መስመር እየቀረ አስቸግሮሃል፤ ውሃ ልጨምርበት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፣ ግን አልመክርህም። ታሚያ አልኮል ስላለበት ቶሎ ይደርቃል። ግማሽ በደረቀው ላይ ብሩሹን ስትመልስ የታችኛውን ቀለም ይልጠዋል። መስመሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። የራሱን ማቅጠኛ፣ ኤክስ 20 ኤ የሚባለውን፣ ተጠቀም። መድረቁን የሚያዘገይ ሪታርደርም ጠብ አድርግበት፤ ካበዛኸው ግን ቀለሙ አይደርቅልህም። ለሦስት እጅ ቀለም አንድ እጅ ማቅጠኛ ብለህ ጀምርና ቁራጭ ፎም ላይ ሞክረው።

ለስላሳ ጠፍጣፋ ብሩሽ ያዝ። አንዴ ካሳለፍክ አትመለስ። የመጀመሪያው ቅብ ዥንጉርጉር ሆኖ ያስጠላል፣ ተወው። በደንብ ሲደርቅ ሁለተኛውን በአግድም ቀባ።

ቫሌሆ ሞዴል ከለር የሚባለው ሌላ የሞዴል ቀለም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይበቃዋል። ብዙ ውሃ ግን በቀለሙ ውስጥ ያለውን ማጣበቂያ ስለሚያሳሳው ቀለሙ በቀላሉ ይፋቃል።

ፎሙን መጀመሪያ በሚተጣጠፍ ፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚቀባ መሸፈኛ) ድፈነው፣ አለበለዚያ ቀለሙን ይመጠዋል። ደግሞስ በ10 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሙሉ ጎራዴ? ኪስህን ነው የሚያራቁተው! መደቡን በተራ የሥዕል አክሪሊክ ሸፍነው፣ ታሚያውን ለጌጡ አስቀረው።