ሰኞ ሰኞ የማትነሳው ቪትዝ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቪትዜ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ምንም አትል። ቅዳሜና እሑድ ቆማ ከሰነበተች ግን ሰኞ ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ስለሆነች ተገፍታም አትነሳ። ከጎረቤት መኪና በኬብል ነው የማስነሳት። ባለ 45 አምፔር ሰዓት አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ያው ነው። ጋራዥ ሲለኩት ሞተሩ እየሠራ 14.2 ቮልት አሳየ። አሁን ደግሞ ሞተር የሚያስነሳውን ሞቶሪኖ ቀይሪ ይሉኛል። ልቀይር? አላርም አስገብቻለሁ፣ ከጠቀመ።
አንባቢ፣ ከአያት

መልስ፦ ኧረ እንዳትቀይሪ! ሞቶሪኖው ቢሆን ረቡዕንም ሐሙስንም ባላስተረፈሽ። 14.2 ካሳየ ዲናሞውም ባትሪውን እየሞላ ነው። መኪናዋ ተቆልፋ ሳለ ባትሪውን የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። የቆመች መኪና ለሰዓቷና ለኮምፒውተሯ የምትወስደው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ሚሊአምፔር አይበልጥም። በሁለት ቀን 2.4 አምፔር ሰዓት ነው፤ ባትሪው አይሰማውም። ግማሽ አምፔር የሚስብ ካለ ግን በ48 ሰዓት 24 ይሄዳል። ከ45ቱ ከግማሽ በላይ!

ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሺያን ፈልጊ። ሞተሩ ጠፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍታና ቴስተሩን በ10 አምፔር መስመር ገመዱና ባትሪው መሀል ያስገባ። በሮቹ ተዘግተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቅ፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው አይተኛም። ቴስተሩ እንደገባ ቁልፍ እንዳታዞሪ፣ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥለዋል። ከዚያ የመኪናዋን ፊውዞች አንድ በአንድ ይንቀል። ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ ሌባውን ይነግራችኋል።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ያንን «ከጠቀመ» ያልሽውን አላርም ነው። ብዙ ጊዜ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚቀጥሉት ፊውዝ ቢነቀልም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። እሱን አስነቅለሽ አንድ ቅዳሜና እሑድ አቁሚያት። ሰኞ ከተነሳች ተገኘ። ካልተነሳች የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክለው) ይታይ፤ እየሞላም ቢሆን ማታ ማታ ሊያፈስ ይችላል።

ደግሞ ዲናሞ ልፈትሽ ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅል ካጋጠመሽ ኮፈኑን ዘግተሽ ሂጂ። የድሮ መኪና ይችለው ይሆናል። ያንቺ ኮምፒውተር አላት፤ ቮልቱ ድንገት ሲዘል እሱን ልታጪ ትችያለሽ።