ኮርክ ላለው ወንድምሽ፦ ስለ ባህር ኃይል ተጠባባቂነት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ላስታውሳቸውና ልቀጥል። ወንድሟ አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ከተማ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው። ዜግነት አግኝቷል፤ አሁን ደግሞ የባህር ኃይሉ ተጠባባቂ፣ ማለትም ሥራውን ሳይለቅ አልፎ አልፎ የሚያገለግል ወታደር ልሁን ይላል። አራት ኪሎ ያሉት እናታቸው «ውትድርና ፈርቶ የሄደ ልጅ እዚያ ደርሶ ወታደር ይሆናል?» ብለው እንቅልፍ አጥተዋል። እሷ የጠየቀችን ሁለት ነገር ነው፦ መርከቦቹ በሰው እጦት ወደብ ላይ ታስረው በሚውሉበት አገር ተጠባባቂ ምን ይፈይዳል? አሠሪውስ ይለቀዋል ወይ?

እኔ በደርግ ጊዜ ምጽዋ የጦር መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነበርኩ። በ1983 ዓ.ም. መርከቦቻችን ወደ የመንና ወደ ጅቡቲ ከተበተኑ በኋላ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ፒያሳ በአንድ የግል ማተሚያ ቤት የማሽን ጥገና ኃላፊ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ስለዚህ የጥያቄሽን አንዱን ግማሽ ከባህር፣ ሌላውን ከአሠሪ ቢሮ በኩል አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ እናታችሁ ይረጋጉ። የባህር ላይ ቅኝት ሲባል ሰው መድፍ ይታየዋል። የአየርላንድ ባህር ኃይል የዕለት እንጀራው ግን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ አስቁሞ መረቡን፣ መዝገቡንና የያዘውን ዓሣ መፈተሽ ነው። አገሪቱ የኔቶ አባል አይደለችም፤ የምትጠብቀው ባህር ግን ከመሬቷ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሰፋል። የባህር ኃይሉ ሰፈር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሃውልቦውላይን የሚባለው ደሴት፣ እዚያው ኮርክ ወደብ ውስጥ። ወንድምሽ ከቤቱ ብዙ አይርቅም ማለት ነው። አልፎ አልፎ ትልቅ ነገር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ማቲው የተባለችውን የጭነት መርከብ ዊልያም በትለር ዬትስ የተባለችው የባህር ኃይሉ መርከብ አሳድዳ፣ ኮማንዶዎች ከሄሊኮፕተር በገመድ ወርደው ሲይዟት ከ2 ቶን በላይ ኮኬይን ተገኘባት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሜዲትራኒያን ላይ ከሊቢያ የሚነሱ ስደተኞችን በሺዎች እያነሱ ጣሊያን አድርሰዋል። በዚያ መንገድ ማን ማን ይጓዝ እንደነበር ለዚህ ግሩፕ መንገር የለብኝም።

አሁን ወደ ታሰሩት መርከቦች። የሰማሽው እውነት ነው። ባህር ኃይሉ በመዋቅር 1,094 ሰው ሊኖረው ይገባል፤ ያለው ግን ከ800 በታች ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት መርከቦች በሰው እጦት ቆሙ፣ በ2022 ሦስት አሮጌ መርከቦች ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ከኒውዚላንድ ሁለት ያገለገሉ፣ 55 ሜትር የሚረዝሙ የቅኝት መርከቦች በ26 ሚሊዮን ዩሮ ገዙ፤ በ2023 በሌላ መርከብ ጀርባ ተጭነው ኮርክ ደረሱ። ከተመረጡበት ምክንያት አንዱ ከትልልቆቹ ያነሰ ሠራተኛ መፈለጋቸው ነው። የሚገርመው ሻጯ ኒውዚላንድም በዚያው ሰሞን የራሷን መርከቦች በሰው እጦት አስራ ነበር።

ሰው «ሦስት መቶ ሰው ቢቀጠር ያልቃል» ይላል። ሞተር ክፍል ውስጥ የኖረ ግን እንዲህ አይልም። መርከብ የሚቆመው በአማካይ ሰው ሲጎድል ሳይሆን አንድ የተወሰነ ሰው ሲጎድል ነው። የመርከቡ ወለል በመርከበኛ ሞልቶ፣ ለጄኔሬተሩ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ከሌለ ገመድ አይፈታም። ደግሞ ያ ሰው በፈረቃ ነው የሚሠራው፤ እሱ ሲተኛ የሚተካው እኩያው ያስፈልጋል። ሁለቱ ከባህር ሲመለሱ ሌሎች ሁለት ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው፤ አለዚያ ያው ሰው ሳያርፍ ተመልሶ ይወጣል፣ ሚስቱ ታኮርፋለች፣ በዓመቱ መልቀቂያ ያስገባል። የት ይሄዳል? ከሃውልቦውላይን ፊት ለፊት ሪንጋስኪዲ የሚባል ሰፈር አለ፤ በመድኃኒት ፋብሪካ የታወቀ ነው። ኤሌክትሪሺያን እዚያ ደህና ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ማታም ቤቱ ይገባል። ወንድምሽ አሁን ያለበት ሥራ ባህር ኃይሉ ሰዎቹን የሚቀማበት ዓይነት ሥራ ነው። እሱ ተቃራኒውን መንገድ ልሂድ ማለቱ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ ይጠቅማል፤ ግን በልኩ። ተጠባባቂዎች በወደብ ጥበቃ ይሠራሉ፣ በመርከብ ላይም ተጨማሪ እጅ ይሆናሉ። ሙያ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይፈለጋል። ሆኖም በዓመት ጥቂት ሳምንት የሚመጣ ሰው የዚያችን መርከብ ሞተር ጠባይ አያውቅም። እኛ ጋ አዲስ የመጣ ልጅ፣ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን፣ የትኛው ቧንቧ ሲሞቅ ደህና፣ የትኛው ሲሞቅ አደጋ እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ብቻውን ፈረቃ አይሰጠውም ነበር። ተጠባባቂ የደከመውን ቋሚ ሠራተኛ ያሳርፋል እንጂ አይተካውም። መንግሥት በሱ አሳቦ የቋሚውን ደመወዝ ከማሻሻል ካረፈ መርከቦቹ እንደታሰሩ ይቀራሉ።

የአሠሪው ነገር ግን ከባህሩ ይብሳል። እኛ ማተሚያ ቤት አንድ ጎበዝ የማሽን ኦፕሬተር ነበር፣ የቀድሞ ወታደር። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የቀድሞ የሠራዊት አባላት ሲጠሩ ሄደ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሽኝት ላይ «ቦታህ ይጠብቅሃል» አሉት፤ በልባቸውም ነበር ያሉት። ወዲያው የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ መጣ፣ ማሽኑ መቆም አልቻለም፣ ሌላ ሰው ተቀጠረ። ልጁ ሲመለስ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው፤ እሱን መጋዘን መደቡት። ወር ሳይሞላው ለቀቀ።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል፣ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ብሔራዊ ጥሪ የሥራ ውልን ለጊዜው የሚያግድ ምክንያት ነው፤ ውሉን አያቋርጥም። እገዳው ሲያበቃ ሠራተኛው ይመለሳል፣ አሠሪውም ይቀበላል። እስከዚያው ግን አሠሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም፣ ለሚቀጥረው ተተኪም የሚደግፈው የለም። ሁለቱም ተጎጂ ናቸው።

ይህን የገባቸው አገሮች አሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የተጠራ ተጠባባቂ ወደ ሥራው እንዲመለስ በሕግ ታስገድዳለች፤ ኋላ ደግሞ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ሠራተኛቸው በተጠራበት ጊዜ በወር እስከ 500 ፓውንድ መክፈል ጀመረች። አውስትራሊያም ለአሠሪው ትከፍላለች። ኒውዚላንድ የፈቃደኞች የሥራ ዋስትና ሕግ ያወጣችው በ1973 ነው። አየርላንድ ግን ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ለአሠሪው በጎ ፈቃድ ትታው ኖራለች፤ ወንድምሽ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት የፋብሪካውን የሰው ኃይል ክፍል ያናግር፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ለሥልጠና የሚሄድባቸው ቀናት ከዓመት ፈቃዱ ይቀነሳሉ ወይስ ለብቻ ናቸው? በማይኖርበት ጊዜ የጡረታ መዋጮውን ማን ይከፍላል? ባህር ላይ ሳለ እጁ ቢሰበር ለፋብሪካው የሚቀርበውን የሕክምና ወረቀት ማን ይሰጣል? የቅርብ አለቃውን የቃል ተስፋ አይቀበል፤ አለቃ ይቀየራል። ባህር ኃይሉን ደግሞ በኤሌክትሪክ ሙያው ይመድቡት እንደሆነ ይጠይቅ፤ በር ጥበቃ ላይ የሚያቆሙት ከሆነ ቅዳሜውን ባያባክን ይሻለዋል።

ፋብሪካው የመለሰለትን እዚሁ ጻፊልን። እኛም እ.ኤ.አ. በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ተስማምተን ባህር ኃይላችንን እንደገና እያቋቋምን ስለሆነ፣ ለገሃር ቡና የምንጠጣ የድሮ መርከበኞች ስለ ተጠባባቂ ጉዳይ ገና እየተከራከርን ነው።